ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም
(በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ስፍራ ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በጓሮአችሁ በአጥር ሥር ስለሚበቅሉት ሽታ ስላላቸው ተክሎችና ከእነርሱ ስለሚወጣው ዘይት ነው። ይኸን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየገበያው የባሕር ዛፍ፣ የናና፣ የሮዝመሪ ዘይት በትናንሽ ጠርሙስ ሲሸጥ አይታችኋል፤ ገዝታችሁ የሞከራችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ቅጠሉ በደጃችን እያለ ዘይቱን ከከተማ ለምን እንገዛለን? ራሳችን ብናወጣውስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው መልካም ነው። እኔ የእርሻ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ በሽታ ማዳን አላስተምራችሁም። ስለ ተክሉ፣ ስለ ዘይቱ አወጣጥ፣ ስለ ኀይሉ፣ ደግሞም አንድ ነገር በእውነት መርዳት አለመርዳቱ እንዴት እንደሚፈተን ግን የተማርሁትን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሽታ ያለውን ቅጠል ለመድኃኒት ማዋል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ምች ሲመታ ዳማ ከሴ ይታሻል፤ ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም ይጠጣል፤ ጉንፋን ሲይዝ ጦስኝ በሻይ ይፈላል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ሰው በጋቢ ተከናንቦ ይታጠነዋል። ከእነዚህ ሁሉ ባሕር ዛፉ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የመጣውም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጂ ለመድኃኒት አልነበረም። እናቶቻችን ግን ቅጠሉን አሽትተው ሌላ ሥራ አገኙለት። ይኸን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ሙከራ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ፈረንጆች በመዓዛማ ዘይት ማከምን «አሮማቴራፒ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ረኔ ሞሪስ ጋተፎሴ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆን፣ ይኸውም እ.አ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ትልቅ ንግድ ሆኗል፤ ንግድ ከሆነ ወዲህም ወሬው ከዘይቱ በዝቷል።

አሁን ዘይቱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቈርጣችሁ ወደ ፀሐይ ብታነሡት በቅጠሉ ውስጥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ብዙ ብሩህ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚያ የዘይቱ ማኖሪያ ከረጢቶች ናቸው። በናና፣ በጦስኝና በዳማ ከሴ ላይ ደግሞ ዘይቱ ያለው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉት ደቃቅ ጠጕሮች ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ገና በእጃችሁ ስትነኩት ሽታው ይመጣል። ተክሉ ይኸን ዘይት የሚያበጀው ለእኛ ብሎ አይደለም። ራሱን ከነፍሳትና ከሚግጡት እንስሳት የሚጠብቅበት መሣሪያው ነው። ከብት የባሕር ዛፍ ችግኝን እምብዛም የማይነካው በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ላም የምትሸሸው ነገር ብዙ ሲሆን ለሰውም ደግ እንደማይሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዘይቱ ከቅጠሉ የሚወጣበት መንገድ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም፤ ከአረቄ አወጣጥ ጋር ወንድማማች ነውና። አረቄ ስታወጡ ድፍድፉ በእሳት ላይ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆው ያልፋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ለዘይትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ቅጠሉ ከውሃው በላይ በወንፊት ወይም ቀዳዳ ባለው ክዳን ላይ መቀመጡ ነው። ውሃው ከታች ሲፈላ እንፋሎቱ በቅጠሉ መካከል እያለፈ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ በመቀበያው ውስጥ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፤ ከታች ሽታ ያለው ውሃ፣ ከላይ ቀጭን የዘይት ንጣፍ። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል በጥንቃቄ ከላይ ይቀዳል።

የምትሞክሩ ካላችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ። መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ሲመረግ የእንፋሎቱ መውጫ እንዳይዘጋ ተጠንቀቁ፤ ከተዘጋ ዕቃው ይፈነዳል። ዘይቱ እሳት ስለሚይዝ መቀበያውን ከምድጃው አርቁት፤ በኩራዝ አጠገብም አትቅዱት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል ወይም ጀሪካን ለዚህ ሥራ አታውሉ። «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ» ማለት አይበቃም።

ስለ መጠኑ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። ከ100 ኪሎ ርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በደህና ዕቃ የሚገኘው ዘይት አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ጠጅ ሳር ከዚህ ያነሰ ይሰጣል። በቤት ማሰሮ 10 ኪሎ ቅጠል ብታፈሉ ደግሞ 100 ግራም እንኳ አትሞሉም፤ ለዚያ የነደደውን እንጨት ስትቆጥሩት ትርፉ ወዴት እንዳለ አይታያችሁም። እኔ ብጠየቅ አንድ ቤት ለብቻው ዘይት ያውጣ አልልም። በማኅበር ሆኖ፣ ገዥ ተገኝቶ፣ ደህና የብረት ማውጫ ተገዝቶ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ነገር ግን ይኸው ሒሳብ ከትርፍና ከኪሳራ ሌላ የሚነግረን ነገር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት ማለት ግማሽ ኪሎ ያህል ርጥብ ቅጠል ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ግማሽ ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል በአንድ ጊዜ የሚበላ ማን ነው? ማንም የለም። ጠርሙሱን ከፍቶ አንድ ማንኪያ መጠጣት ግን ቀላል ነው፤ ለሕፃንም በማንኪያ መስጠት ቀላል ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ቅጠሉን ነው፤ ስንት ዘለላ እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚበዛ በዘመን ብዛት ለምደዋል። ዘይቱን ግን አላወቁትም። ስለዚህ «ይህ የአያቶቻችን መድኃኒት ነው» ብሎ ጠርሙስ የሚሸጥላችሁ ሰው ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ የባሕር ዛፍ ዘይት እንኳ የዋጠ ሕፃን ሊፈዝ፣ ራሱን ሊስትና ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም መዓዛማ ዘይት በአፍ አይወሰድ። በሻይም፣ በማርም፣ በወተትም ተደባልቆ ቢሆን ያው ነው። «ሁለት ጠብታ ብቻ» የምትሉም አላችሁ፤ የሁለት ጠብታው ልማድ በማግሥቱ አምስት ጠብታ ይሆናል፤ የጠርሙሱ አፍ ደግሞ ጠብታ አይቆጥርም።

እዚህ ላይ ጥቁር አዝሙድን ለይቼ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ነው። በገበያ የሚሸጠው የጥቁር አዝሙድ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኑግ ተጨምቆ የሚወጣ ነው እንጂ በእንፋሎት የሚወጣ አይደለም፤ ስለዚህ ከባሕር ዛፍ ዘይት ጋር በአንድ ስም ቢጠራም ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የምትለዩበት ቀላል ዘዴ አለ። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና በነፋሻ ስፍራ አስቀምጡት። ንጹሕ መዓዛማ ዘይት በኖ ይጠፋል፤ በወረቀቱ ላይ የሚቀር ቅባት ቢኖርም ጥቂት ነው። ተጨምቆ የወጣ ዘይት ግን የቅባት ነጥቡ አይለቅም። የባሕር ዛፍ ዘይት ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ነገር በማግሥቱ ወረቀቱን አቅልጦ ካገኛችሁት የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። የልማት ሠራተኞች ይኸን ፈተና በገበያ ቀን በገበሬዎች ፊት ብታሳዩት ከረዥም ንግግር የበለጠ ይጠቅማል።

እንግዲህ «ታዲያ ዘይቱ ለምን ይጠቅማል?» ትሉኛላችሁ። ለማሽተትና ቀጥኖ ለመታሸት ይጠቅማል።

ጉንፋን የያዘው ትልቅ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የባሕር ዛፍ ወይም የናና ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጎ ከራስጌው ቢያኖር አፍንጫው የቀለለው መስሎ ይሰማዋል። «መስሎ ይሰማዋል» ያልሁት በከንቱ አይደለም። በናና ውስጥ ያለው ሜንቶል የተባለው ነገር ተመርምሮ የታየው የታፈነውን አፍንጫ በእውነት ሳይከፍት፣ አየሩ ቀዝቅዞ የገባ እንዲመስለን የሚያደርግ መሆኑ ነው። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ታፍኖ ለማይተኛ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም። መልካም እንቅልፍ ከተኛ ምን ጎደለው? ማወቅ የሚገባን በሽታው እንዳልተነካ ነው።

በቅጠል እንፋሎት መታጠንን በሚመለከት፣ እኔን የሚያስፈራኝ ቅጠሉ ሳይሆን የፈላው ውሃ ነው። ማሰሮው በጋቢ ሥር ተገልብጦ ጭንና ሆድ የሚቃጠልበት አደጋ የታወቀ ነው፤ ሕፃን አቅፋ የምትታጠን እናትም ሁለት ሰው ይዛ ነው ወደ አደጋ የምትገባው። መታጠን የምትወዱ ከሆነ ማሰሮውን ከእሳት አውጥታችሁ በደልዳላ መሬት ላይ አኑሩት፤ ጥቂት ይብረድ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ልጆች በአጠገባችሁ አይሩጡ። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ የባሕር ዛፍም ሆነ የናና ዘይት በአፍንጫው፣ በፊቱ ወይም በደረቱ ላይ ፈጽሞ አይቀባ። ኀይለኛው ሽታ የሕፃኑን ጉሮሮ አጥብቦ ትንፋሹን ሊያቋርጥበት ይችላል። አስም ያለበት ሰውም ሽታው ሊያስነሣበት ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ለመታሻ የሚሆነው እንዲህ ይሰናዳል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ላይ 6 ጠብታ መዓዛማ ዘይት ጨምሩና አደባልቁ። ይህ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው፤ ለጤነኛ ትልቅ ሰው ቆዳ ይበቃል። ዘይቱ ያልቀጠነ እንደ ሆነ ቆዳ ያቃጥላል፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ያሳክከዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በክንድ መታጠፊያ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በቁስል፣ በዓይን አጠገብና በተቃጠለ ቆዳ ላይ አይደረግም። ነፍሰ ጡር ሴቶች ሐኪም ወይም አዋላጅ ሳይጠይቁ ይኸን ሁሉ ባይሞክሩት ይሻላል። በተለይ ጤና አዳም በዘይቱም ሆነ በብዙ ቅጠሉ ፅንስ ሊያስወርድ የሚችል ተክል ነው። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ እሳት ይቆጣል፤ ውሃ ይቋጥራል። ሲያርሙ ውለው ክንዳቸው የተላጠ ሰዎች «ምን ነካኝ?» ሲሉ አንዳንድ ጊዜ መልሱ በአጥራቸው ሥር ነው።

ወደ ሙከራው ልለፍ። እናንተ አዲስ የስንዴ ዘር ሲሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በአንድ ማሳ ላይ አዲሱን፣ በጎኑ ደግሞ የለመዳችሁትን ትዘራላችሁ። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አስተራረሱ አንድ ይሆናል። በመከር ጊዜ ሁለቱን ትመዝናላችሁ። አዲሱን ብቻ ዘርታችሁ ምርቱ ቢያምር ግን ያማረው በዘሩ ይሁን በዝናቡ አታውቁም። በሰብሉ ላይ አመድ በበተነ ማግሥት ዝናብ የዘነበለት ገበሬ ሰብሉ ሲለመልም አመዱን ቢያመሰግን ትስቁበታላችሁ። በቤታችን ግን ሁላችንም እንዲሁ እናደርጋለን። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ በጣም በጠናበት ቀን ነው፤ እርሱም ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢደረግ በሽታው ወደ መቅለሉ ነው የሚሄደው። በዚያን ቀን ጦስኝ የጠጣው ጦስኝን፣ ዘይት የተቀባው ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርት የበላው ነጭ ሽንኩርትን ያመሰግናል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ጎን ለጎን መሞከር እንዴት ይቻላል? ሰው ማሳ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት እግር አለው። ከአረም ወይም ከአጨዳ ሥራ በኋላ እግሩ የሚደክመው ሰው ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቀኝ እግሩን መዓዛማ ዘይት በተጨመረበት ኑግ፣ ግራ እግሩን በባዶ ኑግ ይታሽ። የሚያሸው ሰው አንድ ይሁን፤ ጊዜውም እኩል ይሁን። ጧት ጧት የትኛው እንደ ቀለለው ይናገር፤ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ በደብተር ይጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት እግሮቹ ይለዋወጡ። ምናልባት ሁለቱ እግሮች እኩል ይቀሉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የረዳው የልጁ እጅ እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ለጠርሙሱ የምታወጡትም ገንዘብ በኪሳችሁ ይቀራል። ምናልባትም ሽታ ያለው ይበልጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ያሸነፈው ዘይቱ ይሁን የሽታው ደስታ ለመለየት ያስቸግራል፤ እግሩ ከቀለለው ግን ስለዚህ ብዙ አንከራከርም። ከራስጌ የሚኖረውንም ጨርቅ አንድ ሌሊት ከዘይት ጋር፣ አንድ ሌሊት ያለ ዘይት እያደረጋችሁ እንቅልፋችሁን ልትጽፉ ትችላላችሁ።

ሆኖም እንዲህ ያለው ሙከራ የሚደረገው ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ብቻ ነው። ጊዜ የማይሰጥም አለ፤ ስለ እርሱ በደንብ አድምጡኝ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አንድ ቀን እንዲህ ብለውኛል። «ልጄ፣ ዳማ ከሴ ለምች ነው፤ የሕፃኑንም ሕመም ምች ነው አሉኝ፤ ታዲያ ዳማ ከሴ ባደርግለት ምኑ ነው ጥፋቱ?» እኔም «እማማ፣ ጤና ኬላ ሄደው ምን አሉዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው «የሳንባ ምች ነው አሉኝ» አሉኝ። እኚህ እናት ያጠፉት ነገር የለም፤ ያጠፋው ስሙ ነው። በአማርኛችን ፀሐይ መቶት ራሱን ያመመውና ከንፈሩ የቆሰለው ሰው «ምች መታው» ይባላል፤ ሕፃናትን የሚገድለው የሳንባ በሽታም «የሳንባ ምች» ይባላል። በስም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ ልዩ ልዩ ናቸው። የሳንባ ምች ዕድሜአቸው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። በጊዜው ከተደረሰበት በጤና ኬላ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። በዳማ ከሴም ሆነ በባሕር ዛፍ ዘይት ግን አይድንም። የዘይቱ ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ በመልካም ሽታ ይሞላል፤ እናትም አንድ ነገር ያደረገች ይመስላታል፤ በዚያ መካከል ሁለት ቀን ያልፋል።

ይኸን ለመለየት ሰዓት ወይም ስልክ ይበቃል። ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ወይም በተኛበት ጊዜ ልብሱን ከደረቱ ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል ማለት ነው። ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጡት አልይዝ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ እንደ ሆነ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሌሊት ነው፣ ገበያ ነው፣ መከር ነው ማለት አይገባም። የልማት ሠራተኞች እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በማስታወሻ ደብተራችሁ የፊት ገጽ ላይ ጻፏቸው። ለማዳበሪያ መጠን የምትጠየቁትን ያህል ባይሆን እንኳ የምትጠየቁበት ቀን ይመጣል።

ስለ ወባም እንዲሁ ነው። «ለወባ የሚሆን መድኃኒት ከአሪቲ ዘመድ ይወጣል አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከተማሩት ልጆቻችሁ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት የሳይንስ ሰው ከአንድ የአርቴሚሲያ ዓይነት አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘታቸው እ.አ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን የኛ አሪቲና ጭቁኝ የዚያ ተክል ዘመዶች ናቸው እንጂ እርሱ ራሱ አይደሉም። የዚያም ተክል ቢሆን ቅጠሉ ሲፈላ የመድኃኒቱ መጠን ከማሳ ማሳ፣ ከስኒ ስኒ ይለያያል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.አ.አ. በ2019 ተክሉን በሻይ መልክ ለወባ መጠቀምን እንደማይደግፍ አስታውቋል። አንድ ዘር ያላቸው ሁለት በቆሎዎች ምርታቸው እኩል እንደማይሆን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ቢንቢን ለማባረር ቅጠል ማጨስም ለጥቂት ጊዜ ይረዳ ይሆናል፤ ጢሱ ግን በተዘጋ ቤት የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ቅጠሉም ሲያልቅ ቢንቢዋ ትመለሳለች። አጎበሩን አትፍቱት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ከእናንተ አንዳንዶች ዘይት እንድታከፋፍሉ ነጋዴዎች ይጠይቋችኋል። ገበሬው እናንተን የሚያምናችሁ ስለ ዘርና ስለ በሬ የነገራችሁት እውነት ሆኖ ስላገኘው ነው። ያን እምነት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ብዛትና ለካንሰር ሁሉ ይሆናል ለሚባል ጠርሙስ አትሽጡት። የአንድ ሺህ በሽታ መድኃኒት የሚባል ነገር ስታዩ የትኛውን እንደሚያድን ጠይቁ፤ ጎን ለጎን የተሞከረበትንም አሳየኝ በሉት።

ተክሎቹን ማልማት ግን እኔ የምደግፈው ሥራ ነው። ሮዝመሪና ናና ተቈርጠው ይተከላሉ፤ ጠጅ ሳር ቁጥቋጦው ተሰንጥቆ በክረምት መግቢያ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል ይይዛል፤ በእርከን ላይም አፈር ይጠብቃል። ችግኝና ምክር ለሚፈልግ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ በወረዳችሁ የግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል መጠየቅ ይቻላል። የደጋው ሰው ጦስኝን በሚመለከት አንድ ነገር ላስቸግረው። ጦስኝ በመንዝ፣ በስሜንና በባሌ ከፍታ ላይ በዱር የሚበቅል ነው፤ ለገበያ የሚሰበስቡት ልጆች ግን ከሥሩ እየነቀሉ ነው። በማጭድ ከላይ ቢታጨድ ያቈጠቍጣል፤ ከተነቀለ አይመለስም። ልጆቻችሁን ማጭድ አስይዟቸው።

ዘይት በቤታችሁ ካለ በጠቆረ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ስሙ በላዩ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ይቀመጥ። በለስላሳ ወይም በአረቄ ጠርሙስ አታስቀምጡት፤ ልጅ ለስላሳ መስሎት፣ እንግዳም አረቄ መስሎት ይጠጣዋል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። የጠጣ ሰው ቢኖር እንዲያስመልሰው ጣት አታግቡበት፤ ሲያስመልስ ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ወተት ወይም ቅቤም አታጠጡት። በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጠርሙሱንም አብራችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ምን እንደ ጠጣና ምን ያህል እንደ ጎደለ ማየት ይፈልጋል።